186 ገጽ የሒሳብ ማስታወሻ ያሳተምኩበት የሀዋሳ ፎቶ ኮፒ ቤት፦ ከ5 ኮከብ 4

መጀመሪያ ለቸኮለ ሰው ዋናውን ልናገር። ቤቷ ዩኒቨርሲቲው ዋናው ግቢ አካባቢ ናት፣ ባጃጆች ከሚሰለፉበት በእግር ብዙም አትርቅም፣ ጠባብ ነች ሁለት ሰው ከቆመ ሶስተኛው ደጅ ነው ሚጠብቀው፣ ውስጥ ሁለት ፕሪንተር፣ አንድ ትልቅ ፎቶ ኮፒ ማሽንና አንድ የድሮ ወረቀት መቁረጫ አለ። ፕሪንት በገጽ 4 ብር፣ ስፓይራል ጥረዛ 80 ብር አስከፈሉኝ። 186 ገጽ በ5 ኮፒ ከነጥረዛው 4120 ብር መጣ፣ በቴሌብር ከፈልኩ። የቤቱን ስም ያልጻፍኩት ባለቤቱን ስላላስፈቀድኳቸው ነው።

ያሳተምኩት የራሴን ማስታወሻ ነው። አምስት ሆነን ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት እየተገናኘን ምናነበው ነገር አለ፣ ክላሲካል ግሩፖች አርኪሜዲያዊ ባልሆኑ ሎካል ፊልዶች ላይ ያላቸው ሪፕረዘንቴሽን። ስሙ ረጅም ነው፣ ትንሽ ልፍታው ምክንያቱም ህትመቱ ላይ የገጠመን ነገር ያለሱ አይገባም። የቁጥሮችን ርቀት በሌላ መንገድ መለካት ይቻላል፣ አንድ ፕራይም ቁጥር ትመርጣላችሁ፣ 5 እንበል፣ ከዛ ሁለት ቁጥሮች ቅርብ ሚባሉት ልዩነታቸው ለ5 ደጋግሞ ሲካፈል ነው። ስለዚህ 1 እና 626 የአጥር ጎረቤት ናቸው፣ ልዩነታቸው 625 ለ5 አራት ጊዜ ስለሚካፈል፣ 1 እና 2 ግን ይራራቃሉ። በለመድነው ርቀት ትንሽ እርምጃ ሲደጋገም የትም ያደርሳል፣ እዚህ ግን 1ን ሚሊዮን ጊዜ ብትደማምሩት ከዜሮ ያለው ርቀት ከ1 አይበልጥም፣ አርኪሜዲያዊ ያልሆነ የተባለውም ለዚህ ነው። ሶስት ማዕዘን ሁሉ ደግሞ ቢያንስ ሁለት እኩል ጎን አለው። ይሄን የቁጥር ዓለም፣ ፒ-አዲክ ሚባለውን (5 ከመረጣችሁ 5-አዲክ)፣ አርኪሜዲያዊ ያልሆነ ሎካል ፊልድ ሲባል ዋናው ምሳሌ የሆነውን፣ ያመጣው ጀርመናዊው ኩርት ሄንዝል ነው፣ በፈረንጆቹ 1897።

ከዛ በነዚህ ቁጥሮች ማትሪክስ ትሰራላችሁ። ኤን በኤን ሆነው ሚገለበጡት ማትሪክሶች በሙሉ አንድ ላይ ጂኤል ኤን ይባላሉ፣ ከነሱ ውስጥ ደግሞ አንድ የተሰጠ ፎርም፣ ማለትም ሁለት ቬክተር ወስዶ ቁጥር ሚሰጥ ህግ፣ ሳይቀይሩ ሚያልፉ አሉ፣ ሲምፕሌክቲክ፣ ኦርቶጎናል፣ ዩኒታሪ፣ ክላሲካል ምላቸው እነዚህን ነው። ጥያቄው እነዚህ ግሩፖች ቬክተር ስፔስ ላይ በስንት ዓይነት መንገድ ሊሰሩ ይችላሉ (አንዱ መንገድ አንድ ሪፕረዘንቴሽን ነው)፣ መንገዶቹን ሁሉ መዝግቦ መጨረስስ ይቻላል ወይ ነው። ቬክተር ስፔሶቹ አብዛኛውን ጊዜ ማለቂያ የሌለው ዳይሜንሽን አላቸው፣ ግን እያንዳንዱን ቬክተር ለብቻው ስታዩት የሆነች ትንሽ ኦፕን ኮምፓክት ሰብግሩፕ፣ በግሩፑ ውስጥ ያለች ትንሽ ግሩፕ በሏት፣ ከቦታው አታንቀሳቅሰውም፣ ስሙዝ ሚባለው እሱ ነው፣ እና ይሄ አንድ ነገር ነው ትምህርቱን በእጅ ሚዳሰስ ያደረገው። እኔ በበኩሌ ከዚህ የበለጠ ያማረ ሒሳብ አላየሁም።

ስልክ ላይ ግን አይነበብም። አንዱን ገጽ ይዘህ 40 ገጽ ወደ ኋላ ተመልሰህ ትርጉሙን ማየት አለብህ፣ እርሳስ ይዘህ ህዳጉ ላይ መጻፍ አለብህ፣ መብራትም ይጠፋል። ወረቀት የግድ ነው።

ከዚህች ቤት በፊት ሌላ ቦታ አሳትመን ነበር፣ ስሙን አልጠራም። እዛ ያለው ልጅ ፒዲኤፉን ወደ ወርድ ቀይሮ ከፈተውና ፎንቱ ሁሉ ተበተነ፣ እኛም ሳናይ ከፍለን ወጣን። በዚህ ትምህርት አንድ ፊደል በተለያየ አጻጻፍ የተለያየ ነገር ነው። ተራው ፒ ፕራይም ቁጥሩ ነው፣ በድሮ ጀርመን ፊደል የተጻፈው ፒ አይዲያሉ ነው፣ ለፕራይሙ ሚካፈሉት ቁጥሮች ስብስብ፣ ህትመቱ ላይ ሁለቱም አንድ ሆነው ወጡ። ኦሜጋ መስላ ጣሪያ ያላት የግሪክ ፓይ አለች፣ ዩኒፎርማይዘሩን፣ ማለትም አይዲያሉን ሚወልደውን ቁጥር፣ ምንጽፍባት፣ እሷ ባዶ ሳጥን ሆነች። ሳጥን እንኳን ይሻላል ምክንያቱም የሆነ ነገር እንደጎደለ ይነግርሃል። የከፋው ቲልዳ ነው።

ቲልዳ ፊደሉ አናት ላይ ምትቀመጥ ትንሽ ሞገድ የመሰለች ምልክት ናት። ሪፕረዘንቴሽን ምንጽፍባት ተራዋ ፓይ አናት ላይ ስትቀመጥ የፓይ ኮንትራግሬዲየንት ማለት ነው፣ በዱዋል ስፔሱ ላይ ሚሰራው ጓደኛው በሉት። ህትመቱ ላይ ቲልዳዎቹ በሙሉ ጠፍተዋል፣ ቦታቸው እንኳን አያስታውቅም። ገጽ 61 ላይ የጌልፋንድና የካዥዳን ቴዎረም አለ፣ የጂኤል ኤን ኢሪዲዩሲብል የሆነ፣ ማለትም ወደ ትንንሽ ማይከፈል፣ ፓይ ወስደህ እያንዳንዱን ማትሪክስ በትራንስፖዙ ኢንቨርስ ብትተካው ምታገኘው የፓይን ኮንትራግሬዲየንት ነው ይላል። ቲልዳዋ ስትጠፋ ምታገኘው ራሱን ፓይን ነው ሆነ። አነበብነው፣ አመንነው፣ ሳምንቱን ሙሉ እሱ ላይ ሌላ ነገር ስንገነባ ሰነበትን።

ስህተቱን የያዘችው ከመሀላችን አንዷ ናት፣ "እስቲ በአንድ በአንድ ማትሪክስ እንሞክረው" አለች። አንድ በአንድ ማትሪክስ ማለት ቁጥር ነው፣ ትራንስፖዙ ያው ራሱ ነው፣ ኢንቨርሱ ግልባጩ። 5ን ወደ 3 ሚልክ ካራክተር (አንድ ዳይሜንሽን ያለው ሪፕረዘንቴሽን) ወስዳ ጻፈችው፣ ቁጥሩን በግልባጩ ስትተካው 5 ወደ አንድ ሶስተኛ ይሄዳል፣ እንደ ህትመቱ ከሆነ እንግዲህ 3 እና አንድ ሶስተኛ እኩል ሊሆኑ ነው። ሁላችንም ዝም አልን። ከዛ ስልክ ላይ ፒዲኤፉን ስንከፍት ቲልዳዋ ቁጭ ብላለች።

ይሄው ነገር ኦርቶጎናል ግሩፕ ላይ ቢገጥመን ኖሮ መቼም አንይዘውም ነበር፣ ምክንያቱም እዛ ኢሪዲዩሲብል ሪፕረዘንቴሽን ሁሉ ከኮንትራግሬዲየንቱ ጋር አንድ ነው፣ ሜግላን፣ ቪኜራስና ዋልድስፑርገር በ1987 ባወጡት ስራ ውስጥ አለ። ሲምፕሌክቲክ ላይ ደግሞ ነገሩ እንደ ፊልዱ ነው። ኮንትራግሬዲየንቱ ሚገኘው ፎርሙን በኔጌቲቭ 1 በሚያባዛ ማትሪክስ በማዞር ነው፣ ኔጌቲቭ 1 ፊልዱ ውስጥ ስኩዌር ሩት ካለው ያ ማዞር ከግሩፑ ውስጥ እንደመጣ ይቆጠራል፣ ምንም አይቀይርም። 5-አዲክ ቁጥሮች ውስጥ ስኩዌር ሩት አለው፣ 2 በ2 አራት ነው፣ 4 ላይ 1 ስትጨምሩ 5 ይመጣል ማለትም ወደ ዜሮ ቀረብ ያለ ነገር፣ ከዛ እያጠሩ መሄድ ነው። 3-አዲክ ውስጥ ግን የለውም። ስለዚህ ያቺ የጠፋችው ሞገድ በ5 ሲምፕሌክቲክ ላይ ምንም ጉዳት የላትም፣ በ3 ግን ውሸት ታስነብብሃለች፣ ወረቀቱ ላይ ደግሞ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ። ይሄ ከገባኝ በኋላ ማተሚያ ቤት መምረጥ ለኔ ቀላል ነገር መሆኑ ቀረ።

ወደ ቤቷ ልመለስ። ኮምፒውተሩ ላይ ምትሰራው ልጅ ፍላሼን ተቀብላ ቫይረስ አየችለትና ፒዲኤፉን እንደ ፒዲኤፍ ከፈተችው፣ ወርድ ሚባል ነገር አልነካችም። ከዛ "ወንድሜ መጀመሪያ አንድ ገጽ ልሞክርልህ፣ ምልክት ሚበዛበት የቱ ጋ ነው?" አለችኝ። ገጽ 61 አልኳት፣ ሌላ ምን እላለሁ። አተመችውና ስክሪኑ ጎን ይዛ በስክሪብቶ ጫፍ መስመር በመስመር ማየት ጀመረች፣ ሰልፍ እያለ፣ ማንም ሳያዛት። ቲልዳው ጋ ስትደርስ ቆመችና "ይሄ ከላይ ያለው የፊደሉ ነው ወይስ የቶነር ቆሻሻ ነው?" አለች። የፊደሉ ነው እህቴ፣ እሱ ከጠፋ ዓረፍተ ነገሩ ይገለበጣል አልኳት። "እንግዲያው በቁጠባ አላትመውም፣ ቀጭን ነው ይበላዋል" ብላ ፕሪንተሩ ላይ የቶነር መቆጠቢያውን አጠፋችው። ዋጋ አልጨመረችም። ብዙ ቤቶች ያንን መቆጠቢያ ሁልጊዜ አብርተው ነው ሚያትሙት፣ ለማመልከቻና ለመታወቂያ ኮፒ ችግር የለውም፣ ለሒሳብ ግን ነጥብና ሞገድ መጀመሪያ ሚጠፉት እንዲህ ነው፣ ይሄን እኔም ከሷ ነው የተማርኩት።

ቀጥሎ የሆነውን ለማንም ሳልናገር አልቀርም። ገጽ 88 ላይ የዛፍ ስዕል አለ። ብሩሃና ቲትስ ለነዚህ ግሩፖች ህንጻ ሚባል ጂኦሜትሪ ሰርተውላቸዋል፣ ለኤስኤል ቱ፣ ዲተርሚናንታቸው 1 ለሆነ 2 በ2 ማትሪክሶች፣ ሲሆን ህንጻው ዛፍ ነው፣ ዙር የሌለው፣ ማያልቅ፣ ከእያንዳንዱ ነጥብ ሚወጡት መስመሮች ብዛት ከፕራይሙ በ1 ይበልጣል። ፕራይሙ 2 ከሆነ 3 መስመር፣ 3 ከሆነ 4። እኔ የሳልኩት የ2ን ነው፣ በራሴ እጅ ኮምፒውተር ላይ፣ አንድ ሙሉ ማታ ፈጅቶብኝ። ልጅቷ ገጹ እየወጣ እያለ አየችውና "ወንድሜ ይሄኛው ነጥብ ሁለት ብቻ ነው ያለው፣ ሌሎቹ ሶስት ሶስት ናቸው፣ እንዲህ ነው ወይ?" አለች። ፕሪንተሩ የበላው መስሎኝ ስልኬን ከፈትኩ፣ ፋይሉም ላይ የለም። እኔ ነኝ የረሳሁት። ያንን ስዕል ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ጓደኞቼም አይተውታል።

ያለችው ነገር ትክክለኛው ማስረጃ ነው እኮ። ጂኤል ቱ ከዛፉ ማንኛውንም ነጥብ ወስዶ ማንኛውም ነጥብ ላይ ማስቀመጥ ይችላል፣ ስለዚህ አንድ ነጥብ ከሌሎቹ ተለይቶ ሁለት መስመር ሊኖረው አይችልም፣ ካለው ያ ስዕል የዚህ ግሩፕ ዛፍ አይደለም። እሷ ግሩፕ ምን እንደሆነ አልተማረችም፣ ግን "ሌሎቹ ሶስት ናቸው ይሄ ለምን ሁለት ሆነ" ብላ ጠየቀች፣ ክፍል ውስጥ ተማሪ እንዲጠይቅልኝ ምመኘው ጥያቄ እሱ ነው። ማተሙን እዛው ገጽ ላይ አቆመችው፣ የወጣውን ሳታስከፍለኝ፣ እኔ ቤት ሄጄ አስተካክዬ በማግስቱ ጠዋት መጣሁ፣ ካቆመችበት ቀጠለች። ማስታወሻው መግቢያ ላይ ምስጋና ከጻፍኩላቸው ሰዎች አንዷ እሷ ናት፣ ስሟን ጠይቄ አስፈቅጄ ነው ያስገባሁት።

ባለቤቱ ጋሼም እንዲሁ ናቸው። መጨረሻ ላይ ሁለት ገጽ ሚሸፍን ሰንጠረዥ ነበረኝ፣ የትኛው ግሩፕ ላይ ምን መቼ እንደተሰራ ሚያሳይ። አይተውት "ልጄ ይሄ ለሁለት ተከፍሎ አይነበብም፣ ኤ3 ላይ አውጥተን አጥፈን እናስገባዋለን" አሉ፣ ዋጋውን ያው እንደ ሁለት ገጽ ቆጠሩት። አሁን ሲዘረጋ ግራውና ቀኙ ፊት ለፊት ይታያሉ፣ እና ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍተቱን በዓይኔ አየሁት። ግራ ጂኤል ኤን ነው፣ በርንስታይንና ዜሌቪንስኪ 1977፣ ዜሌቪንስኪ ብቻውን 1980፣ ቡሽኔልና ኩትዝኮ 1993፣ ከዛ በዜሮ ካራክተሪስቲክ፣ ማለትም 1 ስንትም ጊዜ ቢደመር ዜሮ በማይሆንበት ፊልድ፣ የሎካል ላንግላንድስ (ሪፕረዘንቴሽኖቹን ከቁጥር ንድፈ ሐሳብ ነገሮች ጋር ሚያዛምደው) ማስረጃ ሄንያር 2000፣ ሀሪስና ቴይለር 2001። ቀኙ ክላሲካሎቹ ናቸው፣ ሜግላንና ታዲች 2002፣ ስቲቨንስ 2008 ሱፐርከስፒዳሎቹን (ምን እንደሆኑ ከታች እነግራችኋለሁ) በሙሉ የሰራበት፣ እሱም ፕራይሙ 2 በማይሆንበት ጊዜ፣ አርተር 2013 ለሲምፕሌክቲክና ለኦርቶጎናል፣ ሞክ 2015 ለዩኒታሪ። ቀኙ ሁሌም ከግራው ዘግይቶ ነው ሚመጣው።

ለምን ዘገየ ካላችሁ ምክንያቱ አለ። ሱፐርከስፒዳል ማለት ከትንሽ ግሩፕ ተነስቶ በፓራቦሊክ ኢንዳክሽን፣ ከትንሹ ግሩፕ የትልቁን መገንቢያ መንገድ፣ ማይገኝ ሪፕረዘንቴሽን ነው፣ ሌላው ሁሉ ከነሱ ነው ሚገነባው። ጂኤል ኤን ውስጥ ያሉት ትንንሽ ግሩፖች ያው ጂኤሎች ናቸው፣ ቤተሰቡ በራሱ ይበቃዋል። ሲምፕሌክቲክ ውስጥ ግን ትንሹ ግሩፕ ጂኤሎችና አንድ ትንሽ ሲምፕሌክቲክ ተጎራብተው ነው፣ ስለዚህ ጂኤልን ሳትጨርስ እዛ መግባት አትችልም። ሁለቱ ሲገናኙ ደግሞ መጀመሪያ ምትጠይቀው ከጂኤል የመጣው ሱፐርከስፒዳል ከኮንትራግሬዲየንቱ ጋር አንድ ነው ወይ ነው፣ ካልሆነ በሪያል ቁጥር ብትገፋው ብታንቀሳቅሰው ኢንዳክሽኑ ለሁለት አይከፈልም፣ ከሆነ የሆነ ቦታ ላይ ይከፈላል፣ ጨዋታው ያኔ ነው ሚጀምረው። ያቺው ቲልዳ እዚህም አለች። አንደኛው ቤት ያሳተምነው ላይ ይሄ ምዕራፍ በሙሉ ከንቱ ነበር፣ "ሮው ከሮው ጋር አንድ ከሆነ" ነው ሚለው (ሮው ያ ከጂኤል የመጣው ሱፐርከስፒዳል ነው)፣ ሁሉም ነገር እኮ ከራሱ ጋር አንድ ነው።

ቅሬታዎቼ። ስፓይራሉ ቀዳዳ ህዳግ ይበላል፣ የኔ ህዳግ 2 ሳንቲሜትር ስለነበር አንዳንድ ገጽ ላይ የእኩልታ ቁጥሮቹ ቀዳዳው ውስጥ ገብተዋል፣ ከመጠረዛቸው በፊት ቢነግሩኝ ጥሩ ነበር። ከአምስቱ ኮፒ አንዱ ላይ ከገጽ 97 እስከ 112 ተገልብጦ ተጠርዟል፣ ይዤ ተመለስኩ፣ በነጻ አስተካከሉት ግን ማግስቱን ና ተባልኩ። ጄኔሬተር የላቸውም፣ አንድ ከሰዓት መብራት ሄዶ ዝም ብዬ ቁጭ አልኩ። ሰኔ ላይ ደግሞ አትሂዱ፣ የመመረቂያ ጽሁፍ ሚያሳትም ተማሪ ደጁን ሞልቶት ነው ሚውለው፣ የኔ ስራ በዚሁ ምክንያት ሁለት ቀን ተጨማሪ ቆየ። አንድ ኮከብ ያስቀነሰኝ ግን ከነዚህ ሁሉ ይልቅ ፋይሉ ነው። የሰው ፋይል ዴስክቶፑ ላይ ይቀራል፣ የማላውቃቸው ሰዎች የመመረቂያ ጽሁፍ ከነስማቸው ተደርድሮ አይቻለሁ። ነገርኳት፣ የኔን እዛው አጠፋችው፣ ግን ደንበኛ ሳይጠይቅ መጥፋት ነበረበት፣ ሰው የደከመበት ስራ ነው።

ወረቀቱ 80 ግራም ነው፣ እርሳስ ይቀበላል፣ ሲሰረዝ አይቀደድም። ሐይቁ ዳር ይዘነው ሄደን ነፋስ ላይም ሞክረነዋል፣ ስፓይራል ስለሆነ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ይተኛል፣ አሞራ ገደል ዓሳ በልተን እጃችንን ሳንታጠብ የነካነው አንድ ገጽ ብቻ ነው የተበላሸው።

ምትሄዱ ከሆነ ፋይላችሁን ፎንቱ ውስጡ የታሰረ ፒዲኤፍ አድርጉት፣ በቴሌግራም ከላካችሁ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ፣ የግራ ህዳጉን 3 ሳንቲሜትር አድርጉ፣ ምልክት ሚበዛበትን ገጽ ቁጥር ይዛችሁ ሂዱና ቅድሚያ እሱን አሳትሙ። ጠዋት ከ4 ሰዓት በፊት ሰው የለም። እሁድ ዝግ ነው። እኔ ሁለተኛውን ክፍል፣ የሃው ዱዋሊቲን፣ የሁለት ግሩፖችን ሪፕረዘንቴሽኖች ሚያጣምረውን፣ ዋልድስፑርገር በ1990 ፕራይም 2ን ትቶ የጨረሰውን ጋንና ታኬዳ በ2016 ለሁሉም ፕራይም ያደረሱትን፣ ለመስከረም እያዘጋጀሁ ነው፣ እዛው ነው የማሳትመው። እዛ ደግሞ ከቲልዳ ሌላ ቴታ ሚባል ፊደል አለ ትልቁና ትንሹ ሁለት የተለያየ ነገር የሆኑ፣ እሱን አስቀድሜ ነግሬያታለሁ።